ቆሜ ነበር፣ ድልድዩ ግን ቀረበኝ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ትንሽ ተኝቼ ነው የተነሳሁት፣ ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ እሱ ነው። ስለ ንፋስና ስለ ውሃ ላወራችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ዊንድሰርፊንግ በተነሳ ቁጥር ትጠይቁኛላችሁ፣ በተለይ "ንፋስ ካለ ትገባለህ፣ ከሌለ አትገባም፣ ሌላ ምን አለው?" የምትሉኝ። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ለዛም ነው ዛሬ የማወራው።

ለማታውቁት፣ ዊንድሰርፊንግ ማለት ቦርድ ላይ ቆማችሁ በእጃችሁ ሸራ ይዛችሁ ንፋስ እየገፋችሁ ውሃ ላይ መሄድ ነው። ሞተር የለም፣ መቅዘፊያ የለም። እኔ የምኖረው ኦክላንድ ነው፣ ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም ሳልርቅ። የምገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ክሪሲ ፊልድ በሚባለው ዳርቻ ነው። ወርቃማው በር ድልድይ፣ ማለትም ጎልደን ጌት፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት በጣም ቅርብ ነው። ይህን ቅርበቱን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ንፋሱ ከየት ይመጣል? በበጋ ከሰዓት በኋላ ክሪሲ ፊልድ ብትሄዱ ጃኬት ያስፈልጋችኋል። በዚያው ሰዓት ሳክራሜንቶ ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። የመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም! የካሊፎርኒያ መሃል ሰፊ ሸለቆ ነው፣ በበጋ እንደ ምጣድ ይግላል። የጋለው አየር ይቀልና ወደ ላይ ይነሳል፣ ከስር ክፍት ቦታ ይቀራል። ውቅያኖሱ ላይ ደግሞ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ በላዩ ያለውም አየር ከባድ ነው። ከባዱ አየር ክፍቱን ለመሙላት ወደ ውስጥ ይሄዳል። ግን መሃል ላይ ተራራ አለ። የባሕር ዳሩ ተራራ ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል፣ እስከ ባሕር ወለል ድረስ የተሰበረው ደግሞ እዚያ ድልድዩ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስፋቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ። ያ ሁሉ አየር በዚያች በር ለመግባት ይጋፋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄድ ጣርማ በር ላይ ከመኪና የወረደ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ደህና የነበረው አየር በሩ ላይ ስትደርሱ ጉም ይዞ ፊታችሁን ይመታል። ቦታው "በር" የተባለው ለሰው መንገድ ነው፣ ግን ንፋሱም በዚያው በር ነው የሚገባው።

እዚህ ደግሞ ክዳን አለው። ቀዝቃዛው የባሕር አየር ከታች፣ ሞቃቱ አየር ከላይ ሆኖ እንደ ድስት ክዳን ይጫነዋል። ክዳኑ ዝቅ ሲል ቀዝቃዛው አየር ተራራውን መዝለል አይችልም፣ ስለዚህ በበሩ ብቻ ይወጣል፣ ይጠነክራል። ክዳኑ ከፍ ብሎ ጉሙ ኮረብታዎቹን ሁሉ ሲያለብስ ደግሞ አየሩ ከላይ አልፎ ይፈሳል፣ በሩ ላይ ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ እኔ ከቤት ሳልወጣ የማየው ጉሙን ነው። ድልድዩን ከጎኑ አቅፎ ዝቅ ብሎ ከተኛ ደስ ይለኛል።

ከበሩ በኋላ ንፋሱ ቀጥ ብሎ የባሕረ ሰላጤውን ውሃ አቋርጦ ማዶ ያለችው በርክሌይ ከተማ ይደርሳል። እዚያ ኮረብታ ይገጥመዋል፣ ይከፈላል። ግማሹ ወደ ሰሜን ዞሮ ወደ ዴልታው፣ ማለትም ወንዞቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው ወደሚገቡበት ቦታ ይገባል፣ ግማሹ ወደ ደቡብ። ኤንጀል ደሴት ጀርባ ከገባችሁ ንፋሱ ድንገት ሞቶ ሸራው እላያችሁ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ደሴቱ ከልሎታል። የሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያም ሌላ በር አጠገብ ነው፣ ሳን ብሩኖ በሚባለው ክፍተት የሚመጣው ንፋስ እዚያ ይወጣል፣ ከሱ በታች ኮዮቴ ፖይንት የሚባለው የዊንድሰርፈሮች ቦታ አለ። ዴልታው ውስጥ ሸርማን ደሴት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሸለቆው ቀኑን ሙሉ ሲግል ውሎ ስበቱ እዚያ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ነፍሶ ሊያድር ይችላል፣ ሰው ጎህ ሲቀድ ይገባል። አንድ ባሕር፣ አንድ ንፋስ፣ ግን በየሰፈሩ ጠባዩ ሌላ ነው።

እሺ። እስከዚህ ድረስ ያለውን በመጀመሪያው ዓመት ተምሬዋለሁ። ያልተማርኩት ውሃውን ነበር።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፣ ጣና ዳር። ልጅ ሆነን ንፋስ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ጠዋት ሐይቁ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ይነሳል፣ ስለዚህ ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ሰው በጠዋት ይሄዳል። ውሃው ግን ለእኔ ሁልጊዜ ያው ቦታው ላይ ነበር። ትልልቆቹ "አባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆት ያልፋል" ሲሉ እንሰማ ነበር፣ ውሃ ውስጥ ውሃ ይሄዳል ማለት ነው። ዳር ሆኜ ስመለከት የሚሄድ ነገር አላየሁም። እንደ ተረት ሰማሁትና ተውኩት።

ውቅያኖስ ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት ይሞላል፣ ይጎድላል። እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ሁለቱም እኩል አይደሉም። ልኬቱ እዚያው በሩ አካባቢ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1854 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይመዘገባል፣ ስለዚህ ሰንጠረዡ የታመነ ነው፣ ማንም ስልኩ ላይ ያገኘዋል። ሲጎድል ያ ሰፊ ውሃ ሁሉ በዚያችው ጠባብ በር ነው ወደ ውቅያኖስ የሚወጣው። በኃይለኛ ቀን ፍጥነቱ ከ4 ኖት ያልፋል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።

እና ይህ ንፋሱን ምን ያደርገዋል? አየሩን አይነካውም። እናንተ የሚሰማችሁን ነው የሚለውጠው። ንፋሱ ከምዕራብ በ15 ኖት እየመጣ ነው እንበል። ውሃው እየጎደለ በ3 ኖት ወደ ምዕራብ እየሄደ ነው፣ እናንተንም ይዞ። ስለዚህ ወደ ንፋሱ እየሄዳችሁ ነው፣ ሸራችሁ 18 ይቀበላል። ውሃው ሲሞላ ግን ከንፋሱ ጋር አብራችሁ ትሸሻላችሁ፣ ሸራችሁ 12 ብቻ ያገኛል። ንፋስ ሸራ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። 18 በ18 እና 12 በ12 አባዙት። ከሁለት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው! ያው ሰፈር፣ ያው ትንበያ፣ አንድ ቀን ሸራው እጃችሁን ሊነቅል ይታገላችኋል፣ በሌላው ቀን ቦርዱ አልነሳም ይላል። ሲጎድል ደግሞ ውሃና ንፋስ ፊት ለፊት ስለሚጋጩ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

አመሻሽ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ያለው ሁሉ ግሩም ነበር፣ ሸራዬ ሙሉ ነው፣ ወደ ንፋሱ መውጣት ያለወትሮው ቀሎኛል። በጣም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ያ ጉብዝና የኔ አልነበረም፣ ውሃው ነበር ወደ ንፋሱ የሚወስደኝ። በአማርኛ "እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ" የምንለው ነገር አለ አይደል? የዚያን ቀን ቃል በቃል ደረሰብኝ።

ከዚያ ንፋሱ ደከመ። ሸራው ወደቀ። ቦርዱ ላይ ተቀመጥሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል ብዬ። ፊቴ ላይ ቀስ ያለ ንፋስ ከምዕራብ ይሰማኝ ስለነበር ጨርሶ አልሞተም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ቀና ስል ድልድዩ ትልቅ ሆኗል። እንደገና ቀና ስል ከዚያም ትልቅ። እኔ እኮ ቆሜ ነው ያለሁት! አጠገቤ ከታች የታሰረች ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት ነበረች። ወደ ድልድዩ ጎንበስ ብላለች፣ ከኋላዋ ሞተር እንደሚጎትታት ሁሉ ነጭ አረፋ በሁለት ወገን ይዘረጋል። እሷ ናት የቆመችው። የምሄደው እኔ ነበርኩ። ያ ፊቴ ላይ የሚሰማኝም ንፋስ አልነበረም፣ ዝም ያለውን አየር እየሰነጠቅሁ መሄዴ ነው። የሰማሁት የራሴን መወሰድ ነበር።

በ3 ኖት ሃያ ደቂቃ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ከድልድዩ ወዲያ ውቅያኖስ ነው፣ እየመሸ ነው።

እግዚአብሔር ይስጠው፣ አንድ ፂሙ የሸበተ ሰውዬ ከኔ የሚበልጥ ትልቅ ሸራ ይዞ ወደ ዳር ሲመለስ አየኝ። ጠጋ ብሎ ጮኸ። እኔ በደመ ነፍስ ወደ መጣሁበት፣ ወደ ምሥራቅ፣ በእጄ እየቀዘፍኩ ነበር። "ከውሃው ጋር አትጣላ፣ አቋርጠው! ወደ ዳር!" አለኝ። ሸራውን ቦርዱ ላይ አጋድሜ፣ በደረቴ ተኝቼ፣ ወደ ደቡብ ወደ መሬቱ መቅዘፍ ጀመርሁ። ድልድዩ መቅረቡን አላቆመም፣ ዳሩም ግን ይቀርብ ነበር። ወደ ዳር ስትጠጉ የውሃው ፍጥነት ይደክማል፣ መሬቱ ይይዘዋል። ዓሣ አጥማጆች የሚቆሙበት መድረክ ጋ ደረስሁ። ጣቶቼ በብርዱ አልታጠፍ ብለው ሸራውን መፍታት አቃተኝ፣ አንድ አጥማጅ ነው የፈታልኝ። ሰውዬው እስክወጣ ድረስ ጥቂት ራቅ ብሎ ሲመላለስ ቆየ። ስሙን አልጠየቅሁትም። አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህን ነው። ትንበያው የሚነግራችሁ የአየሩን ነው፣ እናንተ የምትቆሙት ግን ውሃው ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ሸራ የሚባለው። ስለዚህ መኪና ከማስነሳቴ በፊት መሙላት የሚጀምርበትን ሰዓት አያለሁ። ንፋሱ በሚሞትበት አመሻሽ ላይ ውሃው እየሞላ ከሆነ ቢወስደኝ እንኳ ወደ ውስጥ፣ ወደ ከተማው ነው። እየጎደለ ከሆነ ቀደም ብዬ እወጣለሁ፣ ቢያጓጓኝም።

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። 16 ዓመቱ ነው፣ እዚህ የተወለደ፣ አማርኛውም ደህና ነው። ሁለት በጋ ሐይቅ ላይ ተምሯል፣ ክሪሲ ግን የመጀመሪያው ነው። የውሃ ብርድ የሚከላከለውን ልብስ፣ ዌትሱቱን ለብሶ፣ ሸራውን አስሮ፣ እግሩ መሬት አይይዝም። "ጋሼ፣ ንፋሱ እኮ አሪፍ ነው፣ ምን እንጠብቃለን?" ይለኛል። ቀይዋን ምልክት አሳየሁት። ወደ ድልድዩ ጎንበስ ብላ ነበር፣ አረፋዋን እየጎተተች። እሷን ተመልከት አልኩት። አሸዋው ላይ ተቀመጥን፣ እናቱ የሰጠችንን ዳቦ ቆሎ በላን። አርባ ደቂቃ ያህል። አረፋው ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ምልክቷ ቀስ እያለች ቀጥ አለች።

"ቆመች፣ ጋሼ" አለኝ። ቦርዱን አንስቶ ወደ ውሃው ሄደ።