አመድ እሳት ሲወልድ፦ በሙቀት ወቅት እሳት ከየት ይነሳል?

ሰላም! ዛሬ ስለ ሙቀትና ስለ እሳት እናውራ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ቀኑ የቱንም ያህል ቢሞቅ ፀሐይ ብቻዋን ሜዳ ላይ ያለ ሣር አታነድም። ሣር እሳት ለመያዝ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ የአየሩ ሙቀት ግን በአብዛኛው ቦታ በጣም ከፋ ሲባል 40 ወይም 45 ቢሆን ነው። ታዲያ ሙቀቱ ምን ይሠራል? ያደርቃል። እርጥብ ቢሆን ኖሮ ጨስ ጨስ ብሎ የሚቀረው ቅጠል፣ ከሳምንታት ፀሐይ በኋላ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ፍንጣሪውን የምናመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን።

[ምስል፦ የጠፋ የሚመስል የከሰል ምድጃ]

እሳት አመድ ወለደ ይባል የለ? በዚህ ወቅት አመድም እሳት ይወልዳል። ከላይ ሲያዩት ቀዝቅዟል፣ ከሥሩ ግን ፍሙ ተዳፍኖ እስከ ማግሥቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሰው ይህን ሳያውቅ በካርቶን ወይም በፌስታል ያደርግና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይደፋዋል። ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ጉዱ ይፈላል። አፈር አልብሶ መሄድም መፍትሔ አይደለም፣ እሱ እሳቱን ማጥፋት ሳይሆን መዳፈን ነው። ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ሳትነኩት ጠጋ አድርጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ ገና አልጠፋም።

መኪና ረጅም ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ። ከሥር ያለው የጭስ ማውጫ መስመር፣ በተለይ ጭስ ማጣሪያው፣ ብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል። በግቢያችሁ ያለውን ደረቅ ሣር ማጨዱ ጥሩ ነው፣ ግን በቀትር ማሽን አታስነሱ፤ ስለቱ ድንጋይ ከመታ ፍንጣሪ ይወጣል፣ ያኔ እሳት ልትከላከሉ ወጥታችሁ እሳት ለኮሳችሁ ማለት ነው። በማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ጨርሱት።

[ምስል፦ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድ]

ቤት ውስጥስ? በሙቀት ጊዜ ቬንቲሌተሩም፣ ፍሪጁም፣ ኤሲውም አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰካሉ። ገመድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ከተጠቀለለ ወይም ምንጣፍ ሥር ከገባ ደግሞ ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም። ኤሲ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ "ቆይ ይቺን ፊልም ልጨርስ" የለም፣ አጥፉት። ፓወር ባንክና ስልክም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተው። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ቻርጅ አታድርጉት፣ እንዳትወጉትም።

አንድ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ልንገራችሁ። እንጨት ለመቀባት የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል፣ ያለ ክብሪት በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ሲደርቅ ይግላል፣ ሙቀቱም እጥፋቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ውጭ፣ ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

እሳቱ ከተነሳስ? የጋለ ዘይት ላይ ውሃ እንዳታፈሱ። ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። መጥበሻው ላይ ክዳን ድፉበትና ምድጃውን አጥፉ። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ወደ ዳገት አትሩጡ፣ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፣ ከፊቱ ያለውን እያደረቀ ነው የሚሄደው። ቤት ውስጥ ጭስ ከሞላ ጎንበስ ብላችሁ፣ በሩን ከኋላችሁ ዘግታችሁ ውጡ። ከወጣችሁ በኋላ ወደ እሳት አደጋ ደውሉ። ስልኬን ረሳሁ ብሎ መመለስ የለም፣ ከጎረቤት ደውሉ።