ምኑ ነው የተዳከመው?

ሰላም ነው ድሬ ዳዋ! ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ተዳክሟል»። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አውሎ ነፋስ ሲነሳ ዜናው ሁለት ቀን ያስጨንቀንና በሦስተኛው «ተዳክሟል» ይለናል። ጅቡቲ ዕቃ ያለው ነጋዴ እፎይ ይላል፤ ሾፌሩም ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን የደወሌን መንገድ ይያያዘዋል።

እስቲ ምኑ ነው የተዳከመው? ነፋሱ ነዋ! አውሎ ነፋስ የሚበላው የባሕር ሙቀት ነው፤ ውሃው 26 ዲግሪ ተኩልና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይጠነክራል። የብስ ላይ ሲወጣ ምግቡ ይቋረጥበትና ነፋሱ ይበርዳል። የተሸከመው እርጥበት ግን አብሮት አይጠፋም። አዝግሞ ከሄደ ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ሰዓታት ቆሞ ያራግፈዋል። ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በሶማሌላንድ ጠረፍ ወጥቶ ወዲያው ደከመ። በዚያው ሰሞን ጅቡቲ ከተማ ላይ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘነበ፤ የዓመት ዝናቧን የሚያህል።

የጠረፍ ከተማ ሌላም ጣጣ አለባት። ጅቡቲን አቋርጦ ባሕር የሚገባ አምቡሊ የሚባል ደረቅ ወንዝ አለ፤ የድሬያችን ወንዝ የደቻቱ ወንድም በሉት። ነፋሱ ባሕሩን ወደ ጠረፍ ሲገፋው የወንዙ አፍ ይታፈናል፤ ከላይ የመጣው ጎርፍም መውጫ አጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ይህ የባሕር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደቻቱ ሲሞላ የሰፈር ቱቦዎች አፍ ከውሃው በታች ይሆናል፤ ያኔ ቱቦው ወደ ኋላ ያስታውካል። «የጎርፍ መከላከያ ግድግዳ ተሠርቶልናል» ብሎ የተኛ ሰው ውሃው በጓሮ ይገባበታል። በጫት ገራባና በፌስታል የታፈነ ቱቦማ ወንዙ እስኪሞላም አይጠብቅ።

የነፋሱ እርጥበት ከድሬ በላይ ያለው ደጋ ላይ ቢራገፍስ? ሒሳቡን እንየው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ነው። ከደንገጎ በላይ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ተራራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። ግማሹን መሬት ቢጠጣው እንኳ 250,000 ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ 20,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 12,500 ቦቴ። ድሬ ሰማይ ላይ ግን ኮከብ ይታያል።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.፣ ከ250 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የክረምት ዝናብ እንጂ ከባሕር የመጣ አልነበረም። አወራረዱ ግን ያው ነው፤ ከሐረርጌ ደጋ፣ በጨለማ። የሚለየው ወሩ ነው። ክረምት ላይ ጆሯችን ቆሞ እንተኛለን። የባሕረ ሰላጤው አውሎ ነፋስ ደግሞ ግንቦትና ሰኔን፣ ከዚያም ጥቅምትና ኅዳርን ይመርጣል፤ ኅዳር ላይ ጎርፍ ማን ያስባል?

ስለዚህ ትንበያ ስትሰሙ የነፋሱን ፍጥነት ተዉትና ሌላውን ጠይቁ፤ ስንት ሚሊ ሜትር ይጠበቃል? ወዴት ያመራል? በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል? ደጋው ላይ ዘመድ ያለው ማታ አንድ ስልክ ይደውል። ከሳተላይት ፎቶ ይልቅ «እዚህ ሲወርድ ሁለት ሰዓቱ ነው» የሚለውን የአክስት ድምፅ አምናለሁ።

ቤት ውስጥ ጤፉንና ማሽላውን ከወለል አንሱ። የቤት ካርታውንና መታወቂያውን በሁለት ፌስታል ቋጥሩ። ንጹሕ ውሃ በጄሪካን አስቀድማችሁ ቅዱ፤ ጎርፍ የነካው ጉድጓድ ሳይፈላ አይጠጣም። ቆጣሪውን ውሃው ሳይገባ አጥፉ። እግራችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ አትንኩት።

ጎርፍ ሲወርድ የደቻቱ አሸዋ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ አረፋ ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና ጭራሮ እየገፋ። «ገና ቁርጭምጭሚት ነው» ተብሎ የሚገባው ያኔ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ባጃጅማ ባነሰም ይሄዳል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ከጎደለ በኋላም አትቸኩሉ። ጎርፉ የቆፈረውን ጉድጓድ መልሶ በለሰለሰ ደለል ይሞላዋል፤ ከላይ ሲያዩት የትናንቱን መሻገሪያ ይመስላል።