ሎሚ የጨመቀበት ሰማያዊ

እሺ… እየቀዳ ነው። የምትሰሙት ጠብ ጠብ ጣሪያው ነው። አከራዬ «ነገ» ብለዋል። ነገያቸውን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን የሎሚው ነገር አልወጣልኝም።

ያ «እየመጣሁ ነው» የሚለው ሰዓሊ ጓደኛዬ ቤት ነን። ነጭ ሳህን ላይ አልትራማሪን የሚባል የቀለም ዱቄት አለ። ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ። «ዝም ብለህ እይ» አለኝና ሎሚ ጨመቀበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆየት ብሎ ጠርዙ ገረጣ። ከዚያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ነጣ። ሽታውስ! የተበላሸ እንቁላል! መስኮት ልከፍት ስነሳ እሱ ይስቃል።

ለካ ቀለሙ ድኝ ነው። ያው ቢጫው ድኝ! ሦስት የድኝ አተሞች አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ይዘው፣ እንደ ቀፎ ባለ የአሉሚኒየም፣ የሲሊከንና የኦክስጅን መዋቅር ውስጥ ተዘግተዋል። ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ ቢጫ ይሰጣሉ። ሁለቱ ዓይነት ሲቀላቀል አረንጓዴ ይመጣል። አሲድ ቀፎውን ሲያፈርሰው ድኙ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል።

ድሮ ከአፍጋኒስታን ባዳክሻን በሚመጣ ድንጋይ ነበር የሚሠራው፣ ዋጋው አይቀመስም። እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ላይ በርካሽ ለሚሠራው 6,000 ፍራንክ ሽልማት ወጣ። ጀርመናዊው ግሜሊን አሠራሩን በ1828 አሳተመ። ፈረንሳዊው ጊሜ ደበቀ። ሽልማቱን ማን ወሰደ? ደባቂው! ይሄ እስካሁን ያበሽቀኛል።

የነሱ መንገድ ነጭ ሸክላ አፈር፣ ሶዳ፣ ድኝና ከሰል ምድጃ ውስጥ ማቃጠል ነው። ድኙ በጭስ ማውጫ ወጥቶ አየር ይበክላል። ስለዚህ ፖላንድ ውስጥ፣ ፖዝናን ያለው አዳም ሚትስኪዬቪች ዩኒቨርሲቲ፣ በዜኦላይት ሞከሩት። ዜኦላይት ቀፎው ቀድሞ የተሠራ ማዕድን ነው፤ ድኙን አስገብቶ ማሞቅ ነው። ዜኦላይት ኤ ደግሞ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ያለው ራሱ ነው፣ ውሃ የሚያለሰልሰው። አልትራማሪንም ነጭ ልብስ እንዲያበራ ይጨመራል። ሁለቱም እኔ ልብስ የማጥብበት ባልዲ ውስጥ ናቸው፤ ባጥብ ማለቴ ነው፣ አትሳቁ።

እ… ምን ልል ነበር? አዎ፣ የጓደኛዬ ሳቅ። ሳህኑን እየጠረገ «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አለ። ቀለሙን ነው? ሥዕሉን ነው? እኔ ያኔ ስለ ሽታው እየጠየቅኩት ነበር።

ልደውልለት አስባለሁ። ምን ልበለው? ስለ ድኝ ላወራው ነው? ሲቀልድ ይሆናል። እሱ ይቀልዳል። ግን ብሩሾቹ… አላየኋቸውም መሰለኝ፣ ያን ቀን። ወይ ደግሞ…