የሁለት ቅርጫት ቦታ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የከተማ ጥናትና የአስጎብኚነት ሠልጣኞች፣ በእንግድነት የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ምዕራብ ህንድ፣ ጉጅራት ውስጥ፣ አህመዳባድ የምትባል ከተማ አለች። ሁለት ዓመት ተምሬባታለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌው ከተማዋ ነው፤ በእግር ስለሚዞረው ገበያዋ፣ መንገድ ዳር ተቁሞ ስለሚበላው ምግቧ። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከተማዋን በ1411 የቆረቆራት ሱልጣን አህመድ ሻህ ነው፤ ስሟንም ያገኘችው ከእሱ ነው። ከሳባርማቲ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ቅጥር ተቀጥሮላት፣ በሮች ተበጅተውላት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ኖራለች። በ2017 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ከህንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህ በየመጽሐፉ አለ። ወደ መንገዱ እንግባ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከማደሪያዬ ብዙም አልወጣሁም። ዕቃ ስፈልግ ባጃጅ እይዛለሁ፤ ባጃጅ ከነስሙ ከህንድ ነው የመጣልን። ገዝቼ በዚያው እመለሳለሁ። ግርግሩ ያስፈራኝ ነበር። ኅዳር ላይ አንዲት የክፍሌ ልጅ፣ የአሮጌው ከተማ ተወላጅ፣ «ነገ በጠዋት ባዶ ሆድሽን ነይ» አለችኝ። እዚያ አገር የሙቀቱ ወቅት ከአርባ ዲግሪ በላይ የሚያነድ ስለሆነ፣ በእግር ለመዞር ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ጠዋቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከ1997 ጀምሮ በየጠዋቱ የሚያካሂደው የእግር ጉዞ አለ። ካሉፑር በሚባለው ሰፈር፣ በ1822 ከተሠራው የስዋሚናራያን የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተነስቶ በ1424 በተጠናቀቀው በታላቁ የጁማ መስጊድ ያበቃል። ከመቅደስ ወደ መስጊድ መሄዱ እንዲሁ የመጣ አይመስለኝም። ያች ከተማ በ2002 በሂንዱና በሙስሊም ግጭት ብዙ ደም ፈሶባታል፤ ሐዘኑ ዛሬም በየቤቱ አለ። ጓደኛዬ በዚያው መንገድ ወሰደችኝ። ያን ዕለት ስለ ግጭቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በሙሉ ፖል ነው። ፖል ማለት በአንድ በር የሚገባበት፣ ዘመድ ከዘመድ፣ ባለ ሙያ ከባለ ሙያ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ጠባብ ሰፈር ነው። በአሮጌው ከተማ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ይገጥማችኋል። ቤቶቹ ከእንጨት ናቸው፤ ምሰሶው፣ ደፉ፣ የሰገነቱ መደገፊያ ሁሉ ወፍና አበባ ተቀርጾበታል። በየቤቱ አጸድ ሥር የክረምቱን ዝናብ የሚያጠራቅም ጉድጓድ አለ። አደባባዩ ላይ ደግሞ በረጅም ምሰሶ ላይ የቆመች፣ ቤት የምትመስል የወፎች መመገቢያ አለች። ሰፈር ተሰብስቦ ለወፍ ቤት የሚሠራበት አገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቆሜ አየኋት።

ኋላ ብቻዬን መዞር ስጀምር አንድ ፖል ውስጥ ጠፋሁ። መንገዱ ሦስቴ ግድግዳ ላይ አጋጨኝ። ከቤቷ ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር የምትለቅም አሮጊት ጠራችኝ። «ቤታ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። በናስ ኩባያ ውኃ ሰጠችኝ፤ ከንፈሬን ሳላስነካ ከላይ አንቆርቁሬ እንድጠጣ በእጇ አሳየችኝ፤ አንገቴ ሁሉ ራሰ። ከዚያ ተነስታ፣ በበትሯ እየተደገፈች፣ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሸኘችኝ። አስጎብኚ የምትሆኑ ልጆች ይህቺን ያዙልኝ፦ ሰው ደጁ ላይ ከተቀመጠ ሰላም ሳትሉት አትለፉ፤ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

የመጀመሪያው ቀን ቁርሳችን ፋፍዳ ነበር። ጠባሹ ከፍ ያለ መደብ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከፊቱ ዘይት የጠገበ የእንጨት ጣውላ አለ። የጣት ያህል ሊጥ ቆርጦ ያስቀምጥና በመዳፉ ግርጌ አንዴ ወደ ፊት ይገፋዋል። ያ ድቡልቡል ሊጥ እንደ ጥብጣብ ተስቦ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅጠል ሆኖ ይቀራል። በቢላ ከጣውላው ልጦ ወደሚንተከተከው ዘይት ይለቀዋል። ወዲያው ያብጣል፣ ይወጣል። ሊጡ የሽምብራ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨውና አንድ ቅመም ነው። አንዱን ቆርሼ ሳሸተው እናቴ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ፤ ነጭ አዝሙድ ነበር! እኛ ለበርበሬና ለሽሮ የምናዘጋጀው ያው ነጭ አዝሙድ። ከጎኑ የተጠበሰ ቃሪያ ከነጨው፣ በእርድና በሰናፍጭ የታሸ ጥሬ ፓፓያ ይቀርባል።

ከፋፍዳ ጋር ጀለቢ ይበላል። ሙሸበክ የምታውቁ ዝምድናውን ገምቱ፤ ሊጡ እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ ይጠበስና ስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይነከራል። ያን ቀን ግን ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር፣ ያኛው ቤት ጀለቢውን በቅቤ እንደሚጠብስ ጠይቄ ሳውቅ ተውኩት። ጓደኛዬ ለምን እንደሆነ ስነግራት ደስ አላት። ጉጅራት ሥጋ የማይበላ ሕዝብ የሞላበት አገር ነው፤ ጃይኖች፣ ማለትም የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች፣ ደግሞ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችም ጭምር አይቀምሱም። መንገድ ዳር ያለ ምግብ ሻጭ ሁሉ «ይህ አለበት ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ጥያቄውን ለምዶታል። ለጾመኛ ከዚያ የተሻለ አገር አላየሁም። ሥጋ የፈለገ ደግሞ ባቲያር ጋሊ የሚባለውን የሙስሊሞቹን የምግብ መንገድ ያገኛል።

ከዚያ ወደ ሲዲ ሰይድ መስጊድ ሄድን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በጉጅራት ከአፍሪካ የመጡ ሰዎችንና ዘሮቻቸውን ሲዲ ይሏቸዋል፤ ሀብሺም ይባሉ ነበር። ቃሉ የማን እንደሆነ እናንተም ትሰሙታላችሁ። ከእኛ አገርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ብዙዎቹ በባርነት ተሸጠው፣ ባሕር ተሻግረው የሄዱ ናቸው። ከእነሱ መካከል ወታደር፣ የጦር አዛዥ፣ ባለ ርስት የሆኑ ነበሩ። ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነበር። መስጊዱን ያሠራው በ1573 ገደማ፣ የሞጉሉ ንጉሥ አክባር ጉጅራትን በያዘበት ወቅት ነው። ሕንፃው ትንሽ ነው፤ ዛሬ ዙሪያውን መኪና ይተራመስበታል። ግን መስኮቶቹ! ከድንጋይ የተፈለፈሉ፣ አናታቸው እንደ ቅስት የዞረ መስኮቶች ናቸው። ከሁሉም የታወቀው አንድ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉ፣ ከዘንባባ ጋር እየተቃቀፉ መስኮቱን ይሞሉታል። ከሩቅ ስታዩት የጥበብ ቀሚስ ጥለት ይመስላል፤ ስትጠጉት ድንጋይ ነው። ያ ዛፍ ዛሬ የከተማዋ ምልክት ሆኗል፤ ስመ ጥሩው የአህመዳባድ የአስተዳደር ኢንስቲትዩትም አርማውን የወሰደው ከዚያ ነው።

ከግቢው ቆሜ ሳይ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» አልኩ። አልገባቸውም። ጓደኛዬ «ሀባሽ» ብላ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው መስኮቱን በእጃቸው አሳይተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉልኝ። እንባዬ መጣ። እስከዚያች ቀን ድረስ እንግዳ ነበርኩ።

አሁን ወደ ማኔክ ቾክ ልውሰዳችሁ። የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነው።

ማኔክ ቾክ በአሮጌው ከተማ መሐል ያለ አደባባይ ነው፤ ማኔክናት በሚባል ባሕታዊ ስም ይጠራል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሱልጣኑ የከተማዋን ግንብ ሲያስገነባ ባሕታዊው ቀን ቀን ምንጣፍ ይሠራል፤ ሲመሽ ይተረትረዋል። እሱ ሲተረትር ቀን የተገነባው ግንብ ይፈርሳል። አደባባዩ የባሕታዊውን ምንጣፍ ይመስላል። ጠዋት አትክልት የሚቸረችሩ ሴቶች አሉ፤ ላም የሚያበሉ ሰዎች ሣር ይዘው ይመጣሉ። ቀን የወርቅና የብር ነጋዴዎች ሱቃቸውን ከፍተው ሚዛን ላይ ያቀረቅራሉ። ማታ ወርቅ ቤቶቹ ሲዘጉ ጋሪው፣ ጠረጴዛው፣ የጋዝ ምድጃው በአንድ ጊዜ ይፈሳል፤ አደባባዩ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ከዚያም አልፎ ምግብ ቤት ይሆናል።

የገና ማግስት ማታ፣ ጾሙን ፈትቼ ሄድኩ። አንዱ ጋ ሁለት ሰው የማይሸከመው የሚያህል ሰፊ ምጣድ ላይ ድንች፣ አበባ ጎመን፣ አተርና ቲማቲም በቅቤ ይደቆሳል፤ ፓቭ ባጂ ይሉታል፤ በለስላሳ ዳቦ ይበላል። ሌላው ጋ ጉግራ የሚባለው ሳንድዊች ሽንኩርትና ቃሪያ ተሞልቶ፣ ላዩ ላይ ቺዝ ተፈቅፍቆ ዳቦው እስከማይታይ ድረስ ይከመራል። አያት፣ አባት፣ ሕፃን ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከበው በሌሊት ይበላሉ። ጉጅራት ራሱን ችሎ ክልል ከሆነበት ከ1960 ጀምሮ መጠጥ የተከለከለበት አገር ነው፤ የማታው ጨዋታ ሁሉ ወደ ምግብ የዞረው አንድም በዚህ ይመስለኛል። ሴት ልጅ በእኩለ ሌሊት ብቻዋን ስትሄድ የማትፈራበት አደባባይ ያየሁት እዚያ ነው።

ከተማ ለማቀድ የምትማሩ ልጆች፣ ልብ በሉልኝ። ያ አደባባይ ትንሽ ነው። አንዱን መሬት ጠዋት፣ ቀንና ማታ ብለው በጊዜ ስለከፈሉት ሦስት ዓይነት ሰው እንጀራ ይበላበታል። እኛ ቦታ ስናካፍል በካሬ ሜትር ብቻ ነው የምናስበው። እነሱ በሰዓትም ያስባሉ።

ይህ ግን በፈቃደኝነት ብቻ የተገኘ አይደለም። እነዚያ የአትክልት ሴቶች በእናት፣ በአያት የወረሱት ቦታ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ መንገድ ዘጋችሁ ተብለው ሲባረሩ፣ ቅርጫታቸው ሲገለበጥ፣ ሲቀጡ ኖረዋል። በ1972 እዚያው አህመዳባድ ውስጥ ጠበቃዋ ኢላ ባት ሴዋ የሚባለውን፣ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችን ማኅበር መሠረተች። ሴዋ ማለት አገልግሎት ማለት ነው። ደመወዝ ከፋይ ለሌላቸው፣ በቅርጫትና በጋሪ ለሚኖሩ ሴቶች ማኅበር መሆኑ ነው። የማኔክ ቾክ ሴቶች ከማኅበራቸው ጋር ሆነው ጉዳያቸውን እስከ ህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። የማኅበሩ መፈክር አንድ ነበር፦ የሁለት ቅርጫት ቦታ። የጠየቁት ሱቅ አልነበረም፤ ሁለት ቅርጫት የምታርፍበት መሬት ነው።

ህንድ በ2014 የጎዳና ነጋዴዎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ሻጮቹ ሳይቆጠሩ እንዳይነሱ ይላል። በየከተማው ቦታ የሚደለድል ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ከአባላቱ ቢያንስ 40 በመቶው ራሳቸው ሻጮቹ፣ ከእነዚያም ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ያዛል። በአፈጻጸሙ ብዙ ጉድለት አለ፤ ማባረሩ አሁንም አልቆመም። ቢሆንም ሴቲቱ ዛሬ «በሕግ መብቴ ነው» ብላ መከራከሪያ አላት። እኔ የምሟገተው ለዚህ ነው። አሮጌ ሰፈር ስናድስ ግድግዳውን አሳምረን፣ ፊት ለፊቱ ቆሎና ቃሪያ የምትሸጠውን ሴት ካነሳን፣ የዳነው የቱ ነው? ሰው ወደዚያ በእግሩ የሚሄደው ለእሷ ጭምር ነው።

ከማኔክ ቾክ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነበር። ጋሪዎቹ ሄደዋል። አንድ ሰው በትንሽ መጥረጊያ የወርቅ ቤቶቹን ደጅ፣ የድንጋይ ስንጥቁን ሁሉ ሳይቀር ይጠርጋል። አቧራውን በጥንቃቄ ወደ ከረጢት ያስገባል። ጓደኛዬ ነገረችኝ፤ ቀን ከአንጥረኞቹ እጅ የረገፈውን የወርቅ ብናኝ ከአቧራው አጥቦ የሚያወጣ ሰው ነው፤ መተዳደሪያው ያ ነው። እሱ ጠርጎ ሳይጨርስ፣ በሌላኛው ማዕዘን የመጀመሪያዋ ሴት ቅርጫቷን አወረደች።

ከበስተኋላችሁ ያለው ጠረጴዛ ላይ ፋፍዳ አስቀምጫለሁ። የሽምብራውን ዱቄትም ነጭ አዝሙዱንም ከመርካቶ ገዝቼ ትናንት ማታ ቤቴ የጠበስኩት ነው፤ እንደዚያ ጠባሽ ስስ አልወጣልኝም። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ አስቤበታለሁ፤ ቅቤ የለበትም። ቃሪያው ግን ያቃጥላል፣ ውኃ ያዙ።

አመሰግናለሁ።