የ72 ሰከንዱ ምልክት፦ ያልተደገመ ነገር እንዴት ይመረመራል?

[ምስል፦ በቁጥርና በፊደል የተሞላ የኮምፒውተር ወረቀት]

እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1977 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የነበረው «ቢግ ኢር» የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሳጅታሪየስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ ኃይለኛ ምልክት ተቀበለ። ከቀናት በኋላ ቴሌስኮፑ የመዘገበውን የኮምፒውተር ወረቀት የመረመረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጄሪ ኤማን ስድስት ፊደላትና ቁጥሮችን በቀይ ብዕር ከብቦ፣ በኅዳጉ ላይ «ዋው!» ብሎ ጻፈ፤ ምልክቱም እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

እያንዳንዱ ፊደል ወይም ቁጥር የምልክቱን ኃይል የሚያሳይ የ12 ሰከንድ ልኬት ሲሆን፣ ስድስቱ ሲደመሩ 72 ሰከንድ ይሆናሉ። ቴሌስኮፑ ሰማዩን የሚቃኘው በመሬት መሽከርከር ስለነበር፣ ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ ምልክት ለ36 ሰከንድ እየጎላ ሄዶ ለሌላ 36 ሰከንድ እየደከመ ማለፍ ይኖርበታል፤ የተመዘገበውም በትክክል እንዲህ ያለ ምልክት ነበር። ከዚህም በላይ ምልክቱ የተገኘው፣ ሃይድሮጂን በተፈጥሮው ከሚያመነጨው የ1420 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ አጠገብ ነው፤ ሌላ ሥልጣኔ ካለ መልእክቱን በዚህ ሞገድ ሊልክ ይችላል የሚለው ሐሳብ ደግሞ ቀደም ሲል በ1959 ቀርቦ ነበር።

ይሁን እንጂ ቴሌስኮፑ ሁለት መቀበያዎች ነበሩት። አንዱ የሰማውን ሌላው በሦስት ደቂቃ ገደማ ልዩነት ሊሰማው ሲገባ፣ ምልክቱ የተመዘገበው በአንዱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህም በዚያው አቅጣጫ በተደጋጋሚ ቢፈለግ አልተገኘም። በእኔ ግምት ዋናው እንቆቅልሽ የምልክቱ ኃይል ሳይሆን አለመደገሙ ነው፤ አንዴ ብቻ የታየን ነገር ማረጋገጥም ማስተባበልም እኩል ያስቸግራልና።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ በእኩል ርቀት የሚወጡ የምት መስመሮች]

የተደገመ ምልክት ግን ምስጢሩን ያወጣል። በ1967 የካምብሪጅ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል በየ1.3 ሰከንዱ ገደማ የሚመታ ምልክት ስታገኝ፣ ቡድኑ በቀልድ መልክ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል ስያሜ ሰጥቶት ነበር። ተመሳሳይ ምት ከሌላ የሰማይ ክፍል ሲገኝ ግን ጉዳዩ ተፈጥሯዊ መሆኑ ታወቀ፤ ምንጮቹም በፍጥነት የሚሽከረከሩ ኒውትሮን ከዋክብት፣ ማለትም ግዙፍ ከዋክብት ሲፈነዱ የሚቀሩ እጅግ የታመቁ ቅሪቶች ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የራሳችን ነው። በአውስትራሊያው ፓርክስ ቴሌስኮፕ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ያደናገረው አንድ ዓይነት ምልክት፣ በ2015 ምንጩ ሲጣራ ሥራውን ሳይጨርስ በሩ የሚከፈት ማይክሮዌቭ ምድጃ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ ተገኝቶ በ2007 ይፋ የሆነው ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታ ግን ከምድጃ የመጣ አይደለም። ለጥቂት የሰከንድ ሺኛ ክፍሎች ብቻ የሚቆዩት እነዚህ ፍንዳታዎች አብዛኞቹ ከሌሎች ጋላክሲዎች የሚመጡ ሲሆን፣ በ2020 በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ካለ እጅግ ኃይለኛ መግነጢስ ካለው ኒውትሮን ኮከብ ተመሳሳይ ፍንዳታ መመዝገቡ ቢያንስ ለከፊሎቹ መልስ ሰጥቷል። አንዳንዶቹ ሲደጋገሙ ሌሎቹ አንዴ ብቻ የሚታዩት ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ ነው ወይስ የሁለተኛውን ፍንዳታ ጊዜ ጠብቀን ስላላየን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን ክፍት ነው።