ክፍል 41፦ ንፁህ ዝምታ

አላችሁ? እሺ።

ወንበሩን ቀይሬያለሁ። ስለ ወንበሩ መልእክት የላካችሁልኝ ሁሉ ደስ ይበላችሁ፣ ይሄኛው አይጮኽም። (ጮኸ።) እሺ፣ ይጮኻል። እንቀጥል።

ዛሬ የማወራው ሌላ ነገር ነበር። ስለ መደርደሪያው ቃል እንደገባሁ አልረሳሁም፣ ይቆየን። ማክሰኞ ዕለት ከድሮው የሬዲዮ ጣቢያዬ መልእክት መጣልኝ። ስሙን አልጠራም፣ ባለፈው ስጠራው የሆነውን ታውቃላችሁ። መልእክቱ ሦስት መስመር ነው። ወደ ዲጂታል ሥርጭት የመግባቱ ጉዳይ እንደገና ተነስቷል፣ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስለነበርክ ሐሳብህን በጽሑፍ ብትልክልን፣ እስከ ዓርብ ድረስ።

ሐሳብህን። በጽሑፍ።

ሦስት ቀን ሆነኝ። ጀምሬ አጠፋለሁ፣ ጀምሬ አጠፋለሁ። እና እንደለመድኩት ለጠየቀኝ ሰው መመለስ ሲያቅተኝ ላልጠየቃችሁኝ ለእናንተ አወራለሁ።

ስብሰባውን ልንገራችሁ። ስድስት ሰው ነበርን። ዕቃውን ሊሸጥልን የመጣው ሰውዬ ሁለት ሄድፎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ይሄ የዛሬው ድምፃችሁ ነው፣ ይሄ ደግሞ የነገው" አለ። ያሰማን የእኔን ፕሮግራም ነው። የእኔን! በመጀመሪያው ጉንፋን የያዘኝ እመስላለሁ። በሁለተኛው ከንፈሬ ሲላቀቅ ሁሉ ይሰማል። ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ሰው የራሱን ድምፅ ጥርት ብሎ ከሰማ በኋላ አስተያየት ባይጠየቅ ጥሩ ነው።

ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ኤፍ ኤማችሁ ባለበት ይቀጥላል፣ ዲጂታሉ ከግራና ከቀኙ ይለጠፋል አለ። ኤችዲ ሬዲዮ የሚሉት ነው፣ አሜሪካኖቹ በ2002 የፈቀዱት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ፣ ከወዲሁ ይቅርታ። መጀመሪያ የተፈቀደው የዲጂታል ኃይል የአናሎጉ፣ የለመድነው የኤፍ ኤም ማለቴ ነው፣ 1 በመቶ ብቻ ነበር። በ2010 እስከ 10 በመቶ ድረስ ማሳደግ ተፈቀደ። ለምን ይመስላችኋል? አልደርስ ብሎ ነዋ። ይሄን ሰውዬው አልነገረንም። በኋላ ነው ያነበብኩት።

የጣቢያው ቴክኒሻን ጋሼ ሽቦ ጥግ ላይ ነበሩ። ካቻቢቴያቸውን በጣቶቻቸው መሐል እያሽከረከሩ። ጋሼ ሽቦ ስብሰባ ላይ አይናገሩም። ማሰራጫው ሲሞቅ በሽታውን ያውቃሉ፣ ሰው ሲሞቅ ግን ዝም ነው። የዚያን ቀን ተናገሩ።

"ዲጂታሉ ከአቅሙ በላይ ሲርቅ ምን ይሰማል?" አሉ።

ሰውዬው ፈገግ አለ። ችግር የለም፣ ሬዲዮው በራሱ ወደ አናሎጉ ይመለሳል አለ። ልክ ነው፣ ይመለሳል።

"አናሎጉ የጠፋ ቀንስ? ሁሉም ዲጂታል የሆነ ቀን?"

"ያኔማ" አለ ሰውዬው፣ "እስከ ዳር ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል።"

"ከዳር በኋላስ?"

"ምንም። ንፁህ ዝምታ።"

እና እኔ ሳቅኩ።

ይኼው ነው። ሳቅኩ። አባባሉ ማስታወቂያ መሰለኝ፣ ስለ ሳሙና የሚያወራ መሰለኝ። "ንፁህ ዝምታ።" እኔ ስስቅ ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፣ እሱ ሲስቅ ሁሉም ሳቀ። ሰውዬውም ሳቀ። ጋሼ ሽቦ ካቻቢቴውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ገንዘብ ተወራ፣ ገንዘብ የለም ተባለ፣ ተበተንን።

ለምን እንዲህ እንደሚከነክነኝ የአድማጫችንን የዘበኛውን ታሪክ የምታውቁ ይገባችኋል። አልደግመውም። ብቻ ዓርብ ሌሊት ወደ ጣቢያው የሚደውላትን ነገር አስታውሱ። ሰላምታ የለ፣ ዘፈን ምረጡልኝ የለ። "ዛሬ ትንሿሿላችሁ፣ ግን አላችሁ" ይላል። ይዘጋል። የባትሪ ድንጋዩን ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ማታ ሽቦ በአንቴናው ላይ ጠምጥሞ የሚያዳምጥ ሰው ነው። እኔ እዚህ ስጀምር "አላችሁ?" የምለው ከእሱ የወረስኩት ነው።

አናሎግ ሲርቅ ያስታውቃል። መጀመሪያ ትንሽ ሽሽሽ ይላል። ከዚያ ሙዚቃው ይቀጥናል። ከዚያ ወሬው ግማሽ ግማሹ ይደርሳል፣ ቀሪውን አንተ ትሞላዋለህ። አንቴናውን ታዞራለህ፣ እጅህን ስታነሳ ይጠፋል፣ ስትነካው ይመጣል። እጅህን እንደያዝክ ቆመህ ዜናውን ትጨርሳለህ። ዲጂታሉ ግን አለ አለ አለ፣ ትንሽ ይቆራረጣል፣ የለም። ኢንጂነሮቹ ራሳቸው ገደል ነው የሚሉት። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።

ቆይ ግን።

ቆይ፣ ስሜት ስሜት እያልኩ ነው። ዘበኛው አንድ ሰው ነው። ደግሞ ከስብሰባው በፊት ነው መደወል ያቆመው፣ ይሄን ለእናንተም ነግሬያችሁ አላውቅም። ሥራ ቀይሮ ይሆናል። ስማርት ስልክ ገዝቶ ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ፣ ምናልባት አሁን እየሰማኝ ይሆናል። በእሱ ስም ስከራከር ማን ወከለህ ቢለኝ መልስ የለኝም።

ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? ቤቴ ውስጥ ስንት ሬዲዮ አለ? አንድም። ማሰራጫ የሌለው፣ አንቴና የሌለው ፖድካስት ይዤ ቁም ሳጥን አጠገብ ቁጭ ብዬ የማወራ ሰው፣ ትንንሽ ጣቢያዎች በአናሎግ ይቀጥሉ ልል ነው? እኔ አምልጬ!

ለዲጂታሉም የሚባል ነገር አለ፣ ይባል። ብሪታንያ ውስጥ በ2012 የሥርጭት ተቆጣጣሪው የኦፍኮም ኢንጂነር ራሺድ ሙስጠፋ ብራይተን ላይ የሠራው ነገር አለ። ዳብ የሚባለው የዲጂታል ሥርጭት ያኔ የትልልቆቹ ብቻ ነበር። አንድ ጣቢያ ለብቻው የሚያቆመው ነገር አይደለም፣ ብዙ ጣቢያዎች አንድ ማሰራጫ ላይ ይጫናሉ። አውቶቡስ በለው። አውቶቡሱ ደግሞ የሚሄደው አገር ለአገር ነው፣ አንድ ሰፈር ለሚሰማው ጣቢያ ምን ያደርግለታል? ራሺድ ያደረገው ምንድነው፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ተራ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ በአነስተኛ ማሰራጫ ሚኒባስ አወጣ። ሠራ። በ2015 በ10 ቦታዎች ተሞከረ፣ ከ2020 ጀምሮ ለፈቃድ አመልክቱ ይባልበት ጀመር። እና ኤፍ ኤም ላይ ቦታ ጠፍቶባቸው የነበሩ ትንንሾች አየር አገኙ። ለእነሱ ዲጂታል ማለት በር ነው። ይሄን ለሰው ስነግር ድምፄ ይሞቃል፣ አሁንም ሞቀ።

ግን አውቶቡስም ሆነ ሚኒባስ፣ ሾፌሩ አንተ አይደለህም። ጋሼ ሽቦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዝናብ ላይ ማሰራጫውን የሚያስነሱት የእኛ ስለሆነ ነው። የሌላ ሰው ሲሆን ስልክ ደውለህ ተራ ትጠብቃለህ።

የማልረሳው ሌላ ነገር ደግሞ 8 ሰከንዷ ናት። ሄድፎኑ ሁሉ ከተነሳ በኋላ ሰውዬው እንደ ቀላል ነገር ነው የጠቀሳት። በኤችዲው ዲጂታሉ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አናሎጉ ሆን ተብሎ ይዘገያል፣ 8 ሰከንድ ገደማ፣ ሁለቱ እኩል እንዲደርሱ። እኩል ካልደረሱ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሬዲዮው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል አንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል፣ ወይ ዘሎት ያልፋል።

ስቱዲዮ ውስጥ ትንሿ ሬዲዮ ትዝ ትላችኋለች? መስኮቱ ላይ የነበረችው፣ እጀታዋ የተሰበረው። ሄድፎኔን ወደ እሷ መልሼ ነበር የምሠራው። ድምፄ ወጥቶ፣ ማሰራጫ ደርሶ፣ አየሩን ዞሮ ሲመጣ ወዲያው ጆሮዬ ላይ ነው። የአናጢ ሰው መዶሻው እንጨቱን ሲመታ እንደሚሰማው። 8 ሰከንድ ከገባች ያ ቀረ ማለት ነው። "እንደምን አመሻችሁ" ትላለህ፣ ዞር ትላለህ፣ ወረቀትህን ትገልጣለህ፣ ከዚያ አንድ ሌላ ሰውዬ መስኮቱ ላይ "እንደምን አመሻችሁ" ይላል። ስልክ የሚደውለውን ሰው "እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱ" የምንለው ነገርስ? ካልቀነሰ የራሱን ድምፅ ከ8 ሰከንድ በፊት... በኋላ... ራሴም ተምታታብኝ። ሰዓት ስንናገርስ? "ልክ ሁለት ሰዓት ሆነ" ብለህ ትዋሻለህ። ትንሽ ውሸት ናት፣ ግን ውሸት ናት።

አውቃለሁ፣ አድማጭ ይሄ ጉዳዩ አይደለም። የእኔ ጉዳይ ነው። ከስቱዲዮ ከወጣሁ በኋላ የስቱዲዮ ጉዳይ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ኖርዌይ በ2017 አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አወጣች። ሁሌም ይሄ ይጠቀሳል፣ ኖርዌይ ዘጋች፣ ዘጋች። ብዙዎቹ ትንንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች ግን እዚያው ኤፍ ኤም ላይ እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸዋል፣ ይሄን ማንም አይጨምርበትም። በተቃራኒው ደግሞ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ውስጥ ደብሊው ደብሊው ኤፍ ዲ የምትባል የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በ2018 አናሎጉን ጭርሱን ጥላ በሙከራ ሙሉ ዲጂታል ሆናለች። ደፋር ናት አልኩ። ትንሽ ሳነብ በኤፍ ኤምም የሚያሰማት ሌላ ማሰራጫ አላት። እህ። እንደዚያ ከሆነማ እኔም እደፍራለሁ።

አርምስትሮንግን ላነሳ ነበር፣ ኤፍ ኤምን የፈጠረውን። በ1945 የኤፍ ኤም ሞገዱን ከ42 አካባቢ ወደ 88 ሜጋኸርዝ እና ከዚያ በላይ ሲያዛውሩበት ሰው ቤት ያለው የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሁሉ የማይሠራ ዕቃ ሆኖ ቀረ። የፈጠረውም የገዛውም አንድ ላይ። ይሄን ያነሳሁት... ለምን እንዳነሳሁት ጠፋኝ። አዎ፣ ሬዲዮ ግዙ ማለት ቀላል ነው ልል ነበር። ጣቢያው ዕቃ ቢገዛ አንዴ ነው። አድማጩ ካልገዛ ግን ለማን?

እሺ። የማልነግራችሁ ነገር ነበረኝ፣ ልንገራችሁ።

ጸሐፊዋ ስብሰባውን በስልኳ ቀድታው ነበር። ረቡዕ ላከችልኝ፣ ለጽሑፍህ ይረዳሃል ብላ። አዳመጥኩት። ሳቄ ከማስበው በላይ ረጅም ነው። እና ከሳቄ ሥር ጋሼ ሽቦ አንድ ነገር ይላሉ። ያን ቀን አልሰማሁም። አሁንም አይሰማም፣ ግን አለ። ሁለት ቃል፣ ምናልባት ሦስት። "እኔ" ይመስላል፣ ወይም "እንዴ"። መጨረሻ ላይ "ነው" አለ። አሥራ አንድ ጊዜ መለስኩት።

ደውለህ አትጠይቃቸውም? ደወልኩ። "ጋሼ፣ ያን ቀን ስስቅ ምን ነበር ያሉት?" አልኳቸው። "የቱ ስብሰባ?" አሉኝ። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ከዚያ ያቺን ማጽጃ ሶፍትዌር አስታወስኩ፣ የወንበሩን ጩኸት የማጠፋበትን። በየክፍሉ ከምትሰሙት የበለጠ ነው የሚጮኸው፣ ይሄን ማወቅ አለባችሁ። ቅጂውን አስገባሁት። ሳቁን ልቀንስና የእሳቸውን ላውጣ ብዬ። ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ጨረሰ። ከፈትኩት።

ሰውዬው "ምንም" ይላል፣ ጥርት አድርጎ። "ንፁህ ዝምታ" ይላል። ከዚያ ሳቄ የለም፣ የማንም ሳቅ የለም። የእሳቸውም የለም። ስድስት ሰው የነበረበት ክፍል መሆኑ ራሱ የለም። አራት ሰከንድ ገደማ፣ ምንም። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ስለ ገንዘብ ይጀምራል።

ዋናው ቅጂ አለኝ፣ አልጠፋም። አትጨነቁ።

ለጣቢያው ምን ብዬ እንደምጽፍ... ሃይብሪዱ፣ ሁለቱ አብረው የሚሄዱበት፣ ምን ይጎዳል ልላቸው እችላለሁ፣ እውነቴን ነው፣ አናሎጉ ካልተነካ። ካልተነካ። ግን አንዴ ከገባ በኋላ ማን ነው አናሎጉን... አላውቅም። ዓርብ ነገ ነው። ነገ ነው አይደል? አዎ።

ይሄን ክፍል ሳላጸዳው ልለቀው ነው። ወንበሩም ይሰማችሁ። (ጮኸ።) ማታ በሌላ ሄድፎን አንድ ጊዜ ልስማውና... "ነው" የምትለዋ እኮ "ነበር" ልትሆንም ትችላለች።