ለውድድርም ለኑሮም የሚሠራ የእንጨት ጀልባ

በሱሉልታ ለአዲስ የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች በተዘጋጀ የሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አሠልጣኞችና ወላጆች፣ ውድ ሠልጣኞች፤

ባሕር በማይታይበት በዚህ ደጋ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ቆሜ ስለ ሸራ ጀልባ ለመናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ርእሱን የመረጥሁት ግን አስቤበት ነው። ለአናጢ ከሚሰጡ ሥራዎች ሁሉ፣ ለውድድርም ለመኖሪያም ታስቦ በአንድ ባለቤት ትእዛዝ የሚሠራ የእንጨት ጀልባን ያህል ባለሙያን የሚፈትን እስካሁን አላየሁም። በባሕር ማዶ በአንድ የጀልባ መሥሪያ ሼድ ውስጥ በአናጢነት ስሠራ በነበረበት ጊዜ የተማርኩትና ዛሬ ለእናንተ ላስረክብ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እንዲህ ባለው ጀልባ ውስጥ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና ጠረጴዛው ሰውን ከማስተናገዳቸው በተጨማሪ ጀልባውን ራሱን የሚሸከሙ መሆናቸው ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱ ፍላጎቶች የሚጋጩበትን ምክንያት ላስረዳ። ለውድድር የሚወጣ ሰው ቀላልና ባዶ ጀልባ ይፈልጋል፤ ከቤተሰቡ ጋር ለሳምንታት ውኃ ላይ ሊኖር የሚያስብ ሰው ደግሞ አልጋ፣ ማብሰያ፣ መታጠቢያ፣ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያና የልብስ ቦታ ይሻል። ከባድ ጀልባ ሲሄድ ራሱ በሚያስነሣው ማዕበል መካከል ስለሚታሰር ፍጥነቱ ውኃ ላይ በሚያርፈው ርዝመቱ ይወሰናል፤ ይህ ርዝመት 9 ሜትር ከሆነ ጀልባው ከ7 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ከ13 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እምብዛም አያልፍም። ክብደቱ የቀነሰ ጀልባ ግን ነፋስ ሲያገኝ ይህን ገደብ ጥሶ ሊሄድ ይችላል። ክብደት ምን ያህል ነው ከሚለው ባላነሰም የት ነው የተቀመጠው የሚለው ጥያቄ ወሳኝ ነው። አህያ የሚጭን ሰው ሸክሙን አንገቷና ጭራዋ ላይ እንደማያስር ሁሉ፣ ጀልባ የሚሠራም ሰው ከባዱን ነገር ሁሉ ወደ መካከልና ወደ ታች ይሰበስባል፤ አፍንጫውና ኋላው ከከበዱ ጀልባው በእያንዳንዱ ማዕበል ላይ እየነቀነቀ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከታች፣ ኪል በሚባለው ክፍል ላይ፣ ሸራውን የሚገፋውን ነፋስ የሚቋቋም ከባድ እርሳስ ይታሰራል። ስለዚህ ከላይ ካለው እንጨት የምትቀንሱት እያንዳንዱ ኪሎ ለመርከበኛው ትርፍ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ታሪክ ሲነሣ ዶራድ የተባለችው ጀልባ ሳትጠቀስ አትታለፍም። ንድፏን ያወጣው ኦሊን ስቲቨንስ ያን ጊዜ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከፊቴ ከተቀመጣችሁት ከብዙዎቻችሁ ጋር እኩያ መሆኑ ነው። ዶራድ በኒው ዮርክ፣ ሲቲ አይላንድ ላይ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1930 ውኃ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 16 ሜትር ገደማ ሲሆን ወርዷ ግን ከ3 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በማግሥቱ ዓመት አትላንቲክን ከአሜሪካዋ ኒውፖርት እስከ እንግሊዟ ፕሊመዝ በ17 ቀናት በውድድር አቋርጣ፣ ከእርሷ በብዙ የሚበልጡ ጀልባዎችን ሁለት ቀን ያህል ቀድማ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1936 ከካሊፎርኒያ እስከ ሃዋይ የሚደረገውን ውድድር አሸነፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ከ77 ዓመታት በኋላ፣ ያንኑ ውድድር በድጋሚ አሸነፈች። በሚገባ የተገጣጠመና በሚገባ የተጠበቀ እንጨት ይህን ያህል ዕድሜ አለው።

ከድሎቿ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን ከመኝታ ክፍሎቹ በላይ ባለው የላይኛው ወለሏ ላይ የተገጠመች አንዲት ሣጥን ናት። ጀልባዋ ውስጥ የሚተኙ ሰዎች አየር ያስፈልጋቸዋል፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ማዕበሉንም ያስገባል። የኦሊን ወንድም ሮድ ስቲቨንስ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ማንኛችሁም ልትሠሩት የምትችሉት ነው። በላይኛው ወለል ላይ ዝቅ ያለች የእንጨት ሣጥን ይገጠማል። በሣጥኗ ክዳን ላይ፣ በአንደኛው ጫፍ፣ እንደ መለከት አፉን የከፈተ የአየር መቀበያ ይቆማል። በሌላኛው ጫፍ፣ በሣጥኗ ውስጥ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚወርደው ቱቦ ከሣጥኗ ወለል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከሣጥኗ ግርጌ በጎን በኩል ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ማዕበል በመለከቱ ሲገባ ውኃው ክብደት ስላለው ሣጥኗ ወለል ላይ ይወድቅና በቀዳዳዎቹ ተመልሶ ይወጣል፤ አየሩ ግን የቱቦውን ከንፈር ተሻግሮ ወደ ታች ይወርዳል። ሞተር የላትም፣ የሚንቀሳቀስ ነገርም የላትም። ይህች ሣጥን እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በጀልባዋ ስም ትጠራለች። የሣጥኗ የማዕዘን ማጋጠሚያ ከተከፈተ ግን ውኃው በተኛው ሰው ፊት ላይ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ የሠራት አናጢ እንከን የሚደብቅበት ቦታ የለውም።

ሁለተኛዋ ምሳሌዬ ፊኒስቴር ናት። ርዝመቷ 12 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወርዷ ግን 3.4 ሜትር ያህል ነው፤ ለርዝመቷ ሰፊ ነበረች። ባለቤቷ ካርልተን ሚቸል የሚኖርባትም የሚወዳደርባትም ጀልባ እንድትሆን ፈልጎ አሠራት፤ ከሆዷ ዝቅ የሚልና ወደ ላይ የሚሰበሰብ ሰሌዳ ስለነበራትም ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ትገባ ነበር። ይህች ምቹና ሰፊ ጀልባ ከኒውፖርት እስከ ቤርሙዳ፣ 635 የባሕር ማይል የሚሸፍነውን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1956፣ በ1958 እና በ1960 በተከታታይ አሸነፈች። ድሉ የተቆጠረው እንደ ጀልባው መጠን በሚሰጥ የሰዓት ማስተካከያ እንጂ ከሁሉም ቀድማ በመድረስ እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ምቾት ያለው ጀልባ ለውድድር አይሆንም የሚለውን አስተሳሰብ ያናጋችው እርሷ ናት።

አሁን ወደ ሼዱ ልግባ። ቀደም ባለው ዘዴ ወፍራም ሳንቃ በጎን አጥንቶች ላይ ተደርድሮ ይቸነከራል፣ በሳንቃዎቹ መካከል ጥጥ ይጠቀጠቃል፣ እንጨቱም ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ መጋጠሚያው ይዘጋል። አሁን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ የተለየ ነው። የጀልባው ቅርጽ በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ይቆማል፤ በላዩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ስስ የእንጨት ቅጠሎች አንዱ ድርብ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ እየተጋደሙ ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ይጣበቃሉ። እንጨት በጅማቱ አቅጣጫ ብርቱ፣ በተሻጋሪው ግን ደካማ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጅማቶቹ ሲሻገሩ አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናል። ከዚያም ቀፎው፣ ማለትም የጀልባው ገላ፣ በውስጥም በውጭም በኤፖክሲ ይቀባል፣ እርጥበት አይገባበትም፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ የቆየ እንጨት ደግሞ አይበሰብስም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ አዱሊስ የአክሱም ወደብ በነበረችበት ዘመን በቀይ ባሕር ላይ የሚመላለሱት ጀልባዎች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ እንደነበሩ ጽፏል። ዛሬም ቢሆን በኤፖክሲው ዘዴ የሚሠሩ ባለሙያዎች ማጣበቂያው እስኪደርቅ ቅጠሎቹን የያዘውን ምስማር ነቅለው ማጣበቂያውን ብቻ ያስቀራሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ቀፎው ተገልብጦ በሆዱ ሲቀመጥ የእኛ ሥራ ይጀመራል። እኔ የሠራሁበት ጀልባ ባለቤቶች ቅዳሜ ለውድድር፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ለረጅም ጉዞ የሚሆን ነገር ነበር ያዘዙት። የአልጋው ፊት፣ የማብሰያው ጎን፣ የቁም ሣጥኑ ጀርባ በንድፉ ላይ ሁሉም የጀልባው አጥንት ሆነው ተሰልተዋል። ኤፖክሲውን በወንፊት ከተነፋ የእንጨት ብናኝ ጋር እንደ ሊጥ እስኪሆን እናዋሕዳለን፣ የአልጋው ፊት ከቀፎው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ከዚያም ጫፉ በተደበለበለ እንጨት አንድ ጊዜ ሳብ እናደርገዋለን። ማዕዘኑ ክብ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ኃይሉም በአንድ መስመር ላይ ከመከማቸት ይልቅ ወደ ሁለቱም ወገን ይበተናል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሥራው መካከል ላይ ከቆመ ያ ቦታ ይታወቃል። የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ሲያዩት ድፍን ማሆጋኒ ይመስላል፤ ሲያነሡት ግን በአንድ ጣት ይነሣል፤ ፊቱና ጀርባው ስስ ኮምፔንሳቶ፣ መካከሉ ቀላል እንጨት፣ ላዩ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ የማሆጋኒ ልባስ ነው።

መሳቢያውን በተለይ ልብ በሉልኝ። ጀልባ በነፋስ ስትጋደም ተራ መሳቢያ ራሱ ተከፍቶ ዕቃውን ይበትናል። ስለዚህ በመሳቢያው ጎኖች ግርጌ፣ ከፊት በኩል፣ ትንሽ ጥርስ ይፈለፈላል፤ መሳቢያው ሲገባ ጥርሱ በታችኛው ዘንግ ላይ ይቀመጣል፣ ሲከፈት ደግሞ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይሳባል። ቁልፍም ማግኔትም አያስፈልግም። የጠረጴዛው ጠርዝ ሳህን እንዳይንሸራተት ከፍ ብሎ ይሠራል፣ ማዕዘን ሁሉ ሰው ሲወድቅበት እንዳያቆስል ይድበለበላል፣ ማብሰያው ደግሞ ጀልባዋ ስትጋደም ቀጥ ብሎ እንዲቆም በሁለት ጎኑ ይንጠለጠላል። እነዚህ ሁሉ ለምቾት የታሰቡ ናቸው፤ በውድድር ላይ ያሉ ሰዎችም ትኩስ ምግብ በልተውና ተኝተው ካደሩ በማግሥቱ የተሻለ ይነዳሉ።

በአካባቢያችን ከባድ አልጋና ከባድ ሶፋ ጠንካራ ነው የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ደንበኛ ዕቃውን በእጁ ከፍ አድርጎ ሲከብደው ይረካል፤ እኛም ለእርሱ ስንል እንጨት እንጨምራለን። ይህን መተው ያለብን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ወንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥት ደኖች እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ቢተካም የክልከላው ሐሳብ ተገቢ ነው። ከአንድ የወንዛ ሳንቃ ወፍራም የአልጋ ራስጌ ከማውጣት ይልቅ በስሱ እየተሰነጠቀ በባሕር ዛፍ ወይም በሌላ በተተከለ እንጨት ላይ ቢለበስ፣ ያው ዛፍ ብዙ ቤት ይገባል። ለዚህ ግን እንጨቱ በትክክል መድረቅ አለበት። በክረምት የተገዛን እርጥብ ጣውላ በሳምንቱ ሠርቶ ማስረከብ በዚህ አካባቢ የተለመደ ቢሆንም፣ በበጋ የሚሰነጠቀውን በር ሁላችንም አይተነዋል።

ከአሠልጣኞቹ ጋር ተስማምተን በዚህ ዙር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥራዎች የዶራድ ሣጥንና ባለጥርሱ መሳቢያ እንዲሆኑ ወስነናል። እንጨቱ ደርቆ በመጋዘኑ ተዘጋጅቷል፤ ምስማርና ብሎን አይፈቀድም። መሳቢያውን ከነመያዣው አጋድመን እንፈትነዋለን። በሣጥኑ መለከት ደግሞ አንድ ጆግ ውኃ እናፈስሳለን፤ ከቱቦው ሥር የተነጠፈው ጋዜጣ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ሥራው አልፏል፣ ከረጠበ ሣጥኑ ተፈትቶ እንደገና ይገጣጠማል። ሰኞ ጠዋት መላጊያችሁን ስላችሁ ኑ። አመሰግናለሁ።